መለኪያ

ስሜ ራዶይኮ ነው፣ አረቄ አውጪ ነኝ፣
የሰርቢያ ኮረብታ፣ ፕሪም ያሳደገኝ።
በመከር ጠንስሼ በኅዳር ሳወጣ፣
ጠርሙሱ ሳይመጣ ጉሮሮዬ መጣ፤
“ቀማሽ ካልቀመሰ ምን ይታወቃል?”
እያልኩ ስመሰክር ሠላሳ ዓመት አልፏል።

የፕሪም መመዘኛ ትልቅ ሚዛን አለኝ፤
ሌሊት ወጣሁበት ማንም እንዳያየኝ።
መቶ አሥራ ስምንት! ዓይኔን አላመንኩም፣
ቦት ጫማ አወለቅኩ፤ ምንም አልቀለልኩም።
ስድስት ሣጥን ያህል ፕሪም ነው ገላዬ፣
አንዱንም የሚገዛ አላገኘሁ፣ ጌታዬ።

ዶክተር ግሮዝዳና ጣቴን ወጋ አድርጋ
“ስኳር ነው” አለችኝ፣ ደሜ ሳይረጋ።
ሳቅ አመለጠኝ፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ
መራራ ነው ሲሉኝ ዘመድ ጎረቤት ሁሉ
ይኸው ጣፋጭ ሆንኩ!
እሷ ግን አልሳቀችም።
“ክብደትህን ቀንስ፤ አረቄም ካሰኘህ
አንዲት፣ ከምግብ ጋር፤ ባዶ ሆድ ከሆንክ ግን ወየውልህ።”
የፊቱን ሰማሁኝ፤ የኋላው አለፈኝ።

ክብደት! በኛ መንደር ክብደት የሌለው ሰው
ነፋስ ይጠራዋል፣ ነፋስ ይመልሰው።
ወገቤ ሲሰፋ ክብሬም የሰፋ መስሎኝ፣
ቀበቶ በፈታሁ ሹመት የጨመሩልኝ።

“መለኪያ እንካ” አለችኝ፤ እጄን ዘረጋሁ፣
የምትቀዳልኝ መስሎኝ በልቤ ጓጓሁ።
ለካ ይህች መለኪያ አትቀዳም ለሰው፤
ከሰው ነው ’ምትጠጣ፣ ደሙን ነው ’ምትቀምሰው።

ቤቴ ገብቼ ግን ሒሳቡን ቀየርኩት፦
ዳቦውን ቀነስኩት፣ ድንቹን አስቀረሁት፣
የድሮዋን መለኪያ በቦታዋ ተውኳት፤
የአያቴ ናትና ማን ደፍሮ ያስወጣት?
ሦስት ወር ሳይሞላ ዘጠኝ ኪሎ ጣልኩኝ፤
ሚስቴ ዴሳንካ ሱሪ ስታጠብ መረቀችኝ።

የቅዱስ ኒቆላ ዕለት፣ በቶምቺሎ ቤት፣
ገበታው ዓሣ ነው፣ ባቄላና ዘይት።
መርፌዬን ወግቼ፣ ሳህኑን ገፋ አድርጌ፣
“ቀበቶዬን እዩት!” አልኩ በማዕረጌ።
አንድ ለቅዱሱ፣ አንድ ለባለቤቱ፣
አንድ ደግሞ ለሞቱት፣ አንድ ለሚሞቱ።

ስወጣ ጨረቃ፤ በረዶው ያበራል፤
እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላቤ ይንቆረቆራል።
አጥሩን ተደገፍኩት፤ አጥሩ ሄደ ጥሎኝ።
“ራዶይኮ ሰከረ!” አሉ አልፈው፣ ስቀውብኝ።
“አልሰከርኩም” ልላቸው ፈለግኩ፤ ምላሴ
እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆነ፤ ራቀኝ ራሴ።

ሰካራም፣ ስኳራም፤ በጨለማ አንድ ነው፤
ፊደሉም ጎረቤት፣ ማን አስተውሎ አየው?

ኔቬና የልጄ ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ፣
ልትፈልገኝ ወጥታ፣ ካፖርት ላይ ካፖርቷ፣
አፌን አላሸተተች፤ ጣቴን ነው የያዘች።
ወጋችና ቁጥሩን በባትሪ አየች፦
“ሁለት ነጥብ አንድ!” ወደ ጓዳ ሮጠች።
ስኳር በጥብጣ መጣች፤ “ዋጥ፣ አያቴ፣ ዋጥ!”
ዋጥኩ። ጥርሴ ከጣሳው ጋር ሲጋጭ፣ ሲንቀጠቀጥ።

ስኳር ጣለኝ ብዬ ዓመት ስረግመው
ስኳር አነሣኝ፤ ማንን ላመስግነው?

አሁን መደርደሪያው ላይ ሁለት መለኪያ አለ፤
አንዷ እኔን ትጠጣለች፣ አንዷን እጠጣለሁ፤
ቀድሜ ለማን እንደምቀዳ ዛሬ ዐውቃለሁ።
ቅዳሜ፣ ከዳቦና ባቄላ በኋላ፣ አንዲት፤
ከዚያ ጠርሙሱ ወደ ቁም ሣጥኑ፣ እኔ ወደ ወፍጮው መንገድ፣ ዱላዬን ይዤ፣ ዝናብም ቢሆን።

ቶምቺሎ ተቀይሟል። “አንድ ብቻ” ሲለኝ
የመለኪያዬን አፍ በመዳፌ ከደንኩኝ።
“ድሮ ክብደት ነበረህ” አለ ሲሰናበተኝ።
ነበረኝ፣ በሚዛን። አሁን መቶ አራት ነኝ።

በኅዳር ሳወጣ ቀምሼ እተፋለሁ፤
መሬቱ ይሰክራል፣ እኔ እመለከታለሁ።
ማታ ማታ ደግሞ፣ ከባዶ ሣጥኖች መሃል፣
ኔቬና ባትሪ ታበራለች፤ መርፌው ይወዛወዛል።
“ትንፋሽህን ያዝ” ትለኛለች።
እይዛለሁ፣
ትንፋሽ ክብደት ያለው ይመስል።